ከላይ የደፈረሰ ውሃ

በ1928 ዓ.ም ክረምት ዝናብ በማይለያት ጎሬ ላይ ያልታሰበ ኃላፊነት ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን አዲስ አበባን ለቀው ከወጡ በኋላ፣ በወራሪው ጣሊያን ያልተያዘው የምዕራቡ አገር መንግሥት መቀመጫውን በዚህች የኢሉባቦር ከተማ አደረገ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ እዚያው ነበሩ። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ እንደራሴ ሆነው፣ ከሽሬ ግንባር የተረፈውን ሠራዊት ይዘው በጎጃም በኩል መጡ። ጎሬ እስከ 1929 ዓ.ም ኅዳር ድረስ የነፃይቱ ኢትዮጵያ የመጨረሻ መዲና ሆና ቆየች።

ራስ እምሩ ይዘውት የመጡት ጠመንጃና የደከመ ሰው ብቻ አልነበረም። ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም በተከዜ ዳር ያዩት ነገር አብሯቸው ነበር። በዚያ ጠዋት የጣሊያን አውሮፕላኖች የጣሉት ነገር እንደ ተለመደው ቦምብ አልፈነዳም፤ መሬቱና ውሃው ላይ ወድቆ ተሰበረና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። ጥቂት ቆይቶ ፈሳሹ ያረፈበት ሰው ባዶ እግሩ፣ እጁና ፊቱ ውሃ ቋጠረ። ጥሙን ሊቆርጥ ከወንዙ የጠጣ ሁሉ በሥቃይ ወደቀ። ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ የወረዱ ገበሬዎችም ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ራስ እምሩ ከዓመታት በኋላ ሲመሰክሩ፣ የጦር አለቆቻቸው ከበዋቸው «ምን እናድርግ?» ሲሏቸው የሚሉት ጠፍቷቸው ፈዝዘው እንደ ቀሩ ተናግረዋል።

የተረጨው መርዝ የሰናፍጭ ጋዝ ይባል እንጂ በተፈጥሮው ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። በሣርና በአፈር ላይ እንደ አየሩ ሁኔታ ለቀናት ይቆያል። ሲነካ ወዲያው አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ጣሊያኖች ከጣሏቸው የቦምብ ዓይነቶች አንዱ ከ200 ኪሎ በላይ መርዝ ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቫ የተፈረመው ስምምነት እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከልክሎ ነበር፤ ጣሊያንም ፈርማለች። የጣሊያን መንግሥት ድርጊቱን በመከላከያ ሚኒስትሩ በጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ አንደበት በይፋ ያመነው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከተከዜው ጠዋት 60 ዓመት በኋላ።

ከብቱን ሊያጠጣ ወርዶ የተቃጠለው ገበሬ ጦርነቱን አላወጀም። በአውሮጳ ምን እንደተፈረመም አልሰማም። ከእርሱ ሥቃይ የሚነሳው ጥያቄ ከፖለቲካ አልፎ ወደ እምነት ይገባል፤ ሰው ያልሠራው ሥራ በሥጋው ላይ ሲወጣ ጥፋቱ የማን ነው? ያደረገው ሰው ከሞተ በኋላስ ማን ይጠየቃል?

ለዚህ ጥያቄ አገራችን የቆየ መልስ አላት። ልጅ ጎድሎ ሲወለድ ወይም አንድ ቤተሰብ በተከታታይ ሲቀጠፍ፣ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግፍ ይዟቸው ነው» ይላል። «የአያታቸው ነው፤ የደሃ እንባ አለበት» ይላል። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው ተረትም ከዚሁ ጎራ ነው። አነጋገሩ በጎ ጎን አለው፤ ግፍ እንዲሁ ተረስቶ እንደማይቀር፣ የተሠራ ነገር ከሠሪው ዕድሜ በኋላም እንደሚከተል ያስታውሳል። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ጣቱን የሚቀስረው በታመመው ላይ ነውና። በደለ የተባለው አያት መቃብር ውስጥ ስለሆነ አይሰማም። ሹክሹክታው የሚደርሰው አልጋ ላይ ላለው ልጅና ለእናቱ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ልማድ ተጋፍተውታል። በነቢዩ ሕዝቅኤል ዘመን የተማረከው ሕዝብ፣ አባቶች የበሉት ጎምዛዛ ነገር የልጆችን ጥርስ አጠረሰ የሚል ተረት ይተርት ነበር፤ የመጽሐፉ ምዕራፍ 18 የተነሣው ያንን ተረት ለመሻር ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9፣ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው መንገድ ላይ ሲያዩ ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ልክ የጎረቤትን ሹክሹክታ ነው፤ እርሱ በደለ ወይስ ወላጆቹ? ክርስቶስ ሁለቱንም አልተቀበለም። በምራቁ ጭቃ አድርጎ ዓይኖቹን ቀባና ወደ ሰሊሆም ውሃ ላከው። ቁርኣንም አንዲት ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ደጋግሞ ያስተምራል። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤውና ዋቄፈታው በአንድ ገበያ በሚገናኙባት በኢሉባቦሯ ከተማ በመቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ የወላጅ ኃጢአት በልጅ ላይ አይቆጠርም።

ታዲያ ኃጢአት ካልተወረሰ መርዙ ለምን ይወረሳል?

የጅብና የአህያን ተረት የማያውቅ የለም። ጅብ ከወንዙ ላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ሲጠጡ፣ ጅቡ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» አላት። ውሃ ከታች ወደ ላይ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ። አህያዋም ነገሩ ገብቷት «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጉልበተኛ ሰበብ ነው፤ ቆም ብሎ ለሚያየው ግን ስለ ውሃም ነው። ላይኛው ያደፈርሳል፤ ታችኛው ይጠጣል፤ የሚከሰሰውም ታችኛው ነው። ዘመንም እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ቀድመው የኖሩት ከላይ ናቸው፤ ዛሬ ያሉት ከታች፤ ገና ያልተወለዱት ደግሞ ከሁሉም በታች። በሽታው የታመመው ሰው የራሱ ጥፋት ወይም የቤተሰቡ ግፍ ነው ሲባል፣ ታችኛው ሰው ውሃውን አደፈረስክ ተባለ ማለት ነው።

ከላይ የነበረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ 40 ዓመት የፈጀበት አገር አለ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር የሚገኘው ሃንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ናጋሳኪ ላይ የወደቀው ቦምብ ፕሉቶኒየም የተመረተው እዚያ ነበር። ፕሉቶኒየሙን ለመለየት ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅ በአሲድ ሲሟሟ፣ አዮዲን 131 የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር በጭስ ማውጫው ይወጣ ነበር። ነፋስ ወሰደው፤ ሣር ላይ ዐረፈ፤ ላም ሣሩን ጋጠች፤ ልጅ ወተቱን ጠጣ። አዮዲን ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚሰበሰበው አንገት ላይ ባለው የታይሮይድ ዕጢ ነው። ይህ ዕጢ አዮዲን ሲያጣ የሚያብጠው እብጠት እንቅርት ይባላል፤ ደገኛው ሁሉ ያውቀዋል። ሲጠማው አዮዲን ያገኘበትን ሁሉ የሚስበው ያው ዕጢ፣ ጨረር ያዘለውንም ሳይለይ ይስበዋል። የልጅ ዕጢ ትንሽ በመሆኑና ልጅ ወተት ስለሚያበዛ ጉዳቱ በልጆች ይብሳል።

አዮዲን 131 በ8 ቀን ግማሹ ይጠፋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሣሩ ንጹሕ ይመስላል። ወተቱ ቀለሙም ጣዕሙም አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1949 ደግሞ በሃንፎርድ ጭሱ ሳይጣራ ሆን ተብሎ እንዲለቀቅ ተደረገ፤ ዓላማው የሶቭየት ፋብሪካዎችን ከሩቅ ለመለየት የሚያስችል መሣሪያ መፈተን ነበር። በነፋሱ አቅጣጫ ለሚኖሩት ገበሬዎች የነገራቸው የለም። እ.ኤ.አ. በ1986፣ ከብዙ ውትወታ በኋላ 19,000 ገጽ የሚሆን ሰነድ ይፋ ሲወጣ፣ በልጅነታቸው ያንን ወተት የጠጡ ሰዎች ራሳቸው ልጅ ወልደው ነበር።

ሌላው ወገንም የተሻለ አልነበረም። በኡራል ተራሮች አቅራቢያ የተሠራው የሶቭየት ፋብሪካ ማያክ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1956 ድረስ 76 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን ጨረር ያዘለ ቆሻሻ ወደ ቴቻ ወንዝ ለቀቀ። በወንዙ ዳር 28,000 ያህል ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ብዙ መንደሮች ሲነሱ ሙስሊሞቹ ታታሮችና ባሽኪሮች የሚኖሩባት ሙስሊዩሞቮ እዚያው ቀረች። ውሃውን ጠጡት፤ ከብታቸውን አጠጡበት፤ ልብሳቸውን አጠቡበት። በቆሻሻው ውስጥ የነበረው ስትሮንቲየም 90 በባሕርዩ ካልሲየምን ስለሚመስል አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ለነዋሪዎቹ እውነቱ ሳይነገር አሥርት ዓመታት አለፉ። ለውዱእ ፊቱን የሚታጠብ ሰው፣ ሊነጻበት ያሰበው ውሃ ራሱ እንደ ረከሰ ሳያውቅ ጸሎቱን ጀመረ።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ኖሯት አያውቅም። ሆኖም የተከዜን ውሃ የቀመሰች አገር ስለነበረች ነገሩን ከሌሎች ቀድማ አየችው። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን ሲያውጅ፣ ውሳኔ 1653 ተብሎ የሚታወቀውን ሐሳብ ካቀረቡት ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። ውሳኔው የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት እንደ መሠረት ጠቅሷል። 55 አገሮች ደገፉት፣ 20 ተቃወሙት፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሃንፎርድን የያዘችው አሜሪካ ተቃወመች፤ ማያክን የያዘችው ሶቭየት ኅብረት ደገፈች። የዋሽንግተን ገበሬም የሙስሊዩሞቮ ገበሬም በዚያን ቀን የሚጠጡት ምን እንደ ነበረ አልተነገራቸውም።

ከዚህ ሁሉ ወደ ሶር ወንዝ መመለስ ይገባል። ሶር በመቱ አካባቢ አልፎ፣ በጫካ ውስጥ ተወርውሮ ስሙን የተሸከመውን ፏፏቴ ይሠራና ገባን ይቀላቀላል። ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል፤ ባሮም ጋምቤላን አቋርጦ ወደ ነጭ ዓባይ ይወርዳል። በመቱ የፈሰሰ ነገር በመቱ አይቀርም ማለት ነው። የኢሉባቦር ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አገሩ በሸለቆ ረግረግ የተሞላ ነው፤ ከረግረጉ የሚታጨደው ጨፌ ለጎጆ ክዳን ይሆናል፤ ለቡና ሲፈላም ወለል ላይ ይጎዘጎዛል። ረግረጉ ለበቆሎ ሲጠነፈፍ አንዱ ያላጸዳው ቦይ የሌላውን ማሳ ስለሚያጥለቀልቅ፣ ገበሬዎቹ አባ ለጋ የሚሉትን ሰው ይሰይማሉ። የወንዙ አባት እንደ ማለት ነው። ቦይ የሚጠረግበትን ቀን የሚወስን፣ የላይኛውንና የታችኛውን ጠብ የሚዳኝ፣ ቀርቶ የተገኘውን የሚቀጣ እርሱ ነው። ወንዝ ዳር ያለ ሰው ከላይና ከታች ካለው ጋር በዕዳ የተሳሰረ መሆኑን ለመረዳት የኢሉባቦር ሰው የፍልስፍና መምህር አላስፈለገውም።

አባ ለጋ የማይደርስበት ነገር ግን አለ። ጥቅምት ሲገባ በመቱ፣ በሁሩሙና በያዮ መንገዶች የቀላ እሸት ቡና ይታያል። አብዛኛው ቡና ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፤ የተወሰነው ወደ እጠባ ጣቢያ ይሄዳል። እጠባ ውሃ ስለሚፈልግ ጣቢያዎቹ የሚተከሉት ወንዝ ዳር ነው። መፈልፈያው እሸቱን ሲጨምቅ ቀዩ ገለፈት በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል ይወጣል፤ በፍሬው ላይ የቀረው የሚያዳልጥ ሙጫ እንዲለቅ ፍሬው ገንዳ ውስጥ ይከርምና ይታጠባል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ስኳርና አሲድ ያዘለ ነው። ወንዝ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ስኳሩን እየበሉ ይራባሉ፤ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውና ነፍሳቱ ይታፈናሉ። ውሃው ይጠቁራል፣ አረፋ ይይዛል፤ ሽታው እንደ ከረመ አተላ ከሩቅ ይጠራል። በጎረቤት ጅማ በእጠባ ጣቢያዎች አካባቢ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት፣ በወንዙ የሚጠቀሙ ሰዎች የማዞር ስሜት፣ የዓይንና የቆዳ መቆጣት፣ የሆድ ሕመምና የመተንፈስ ችግር እንዳለባቸው መናገራቸውን መዝግቧል።

የቡና እጠባ ውሃ የሃንፎርድ ጭስ አይደለም። ፍሳሹ በጉድጓድ ተይዞ ከተጣራ፣ ገለፈቱም ወደ ማዳበሪያነት ከተለወጠ፣ ወንዙ በአንድ ክረምት ሊያገግም ይችላል። የጉዳቱ ልክ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የሚያመሳስላቸው የጥፋቱ አካሄድ ነው፤ ጥቅሙ ከላይ ይወሰዳል፣ ጉዳቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ ማንም እንዳይጠየቅ ያደርጋል። ወቅቱንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በኢሉባቦር ኦሮሞው መስከረም ሲገባደድ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ዋቃን ያመሰግናል። ኦርቶዶክሱ በጥር ታቦቱን አጅቦ ወደ ውሃ ይወርዳል። የእጠባው ወራት የሚያርፈው ልክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ከኢሬቻ እስከ ጥምቀት ነው። ኦሮሞው ሳፉ የሚለው፣ ሊነካ የማይገባውን የማክበር ሕግ፣ ውሃን ይጨምራል። በእስልምናም ሰው በሚጠጣበት ውሃ ላይ መጸዳዳት የተወገዘ ነው። ሦስቱም በአንድ ወንዝ ዳር ቆመው አንድ ነገር ያምናሉ፤ ወንዙ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ከዚያ እምነት ውጪ ይፈስሳል።

ነገሩ ሲከፋ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ደቡብ፣ ወደ ጉጂ ዞን መሄድ ነው። በሻኪሶ አቅራቢያ ባለው የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች እርግዝና እየተጨናገፈ፣ ልጆች የአካል ጉዳት ይዘው እየተወለዱ፣ ከብቶችም እየሞቱ ነው ብለው ለዓመታት ሲያመለክቱ ኖረዋል። ከተቃውሞ በኋላ በግንቦት 2010 ዓ.ም ፈቃዱ ታገደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው ቀጠለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ብክለቱ ለረጅም ጊዜ ችላ መባሉን ጽፏል። በእነዚያ መንደሮች ጎድሎ የተወለደ ልጅ የታቀፈች እናት የምትኖረው «ግፍ ይዟት ነው» በሚባልበት አገር ውስጥ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። የውሃው ምርመራ ውጤት በእጇ ካልገባ፣ ለጎረቤት ሹክሹክታ የምትመልሰው ምንድን ነው? በእንዲህ ያለ ቦታ የላቦራቶሪ ወረቀት እናትን ከሐሰት ክስ ነፃ የሚያወጣ ምስክር ይሆናል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ ያደረገው ሰው ሞቶ ወይም አገር ለቆ ከሄደ ማን ይጠየቃል? መልሱ በኢሉባቦር ምድር ላይ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። በኦሮሞ ሕግ ሰው ሲገደል ገዳዩ አንድ ነው፤ ጉማውን፣ ማለትም የደም ካሣውን፣ ግን የሚከፍለው ጎሣው ነው። ከብት ካለው ከብት፣ ገንዘብ ካለው ገንዘብ ያዋጣል። ከሚያዋጡት መካከል በዚያን ቀን እርሻው ላይ የነበረ፣ ስለ ጠቡ ያልሰማ ሰው አለ። ማንም እርሱን ገዳይ አይለውም። የሚከፍለው ግን ከዚያ ወገን በመሆኑ፣ በጎሣው ጥላ ስለኖረ ነው። በእስልምናም በስህተት ለጠፋ ነፍስ ዲያ የሚባለውን የደም ካሣ የሚያዋጡት የገዳዩ የአባት ወገን ዘመዶች ናቸው። ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም የሚለው ትምህርትና ይህ ሥርዓት አይጣሉም፤ አንዱ ስለ ኃጢአት ይናገራል፣ ሌላው ስለ ካሣ። በወንጌልም ቀራጩ ዘኬዎስ ንስሐ ሲገባ በልቡ ማዘኑ አልበቃውም፤ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ።

ከእነዚህ ሥርዓቶች የሚወጣው ሐሳብ ለመርዙ ጥያቄ ቁልፍ ነው። ኃጢአት የሠራው ሰው ነው፤ ከእርሱ ጋር ይቀበራል፣ ፍርዱም የፈጣሪ ነው። ዕዳ ግን ንብረትን ተከትሎ ይሄዳል። በአባቱ ጥፋት የተገኘውን ቤት የወረሰ ልጅ ጥፋተኛ አይደለም፤ ከቤቱ ሥር የተቀበረውን መርዝ የማውጣት ግዴታ ግን ከቤቱ ጋር ወርሷል። የጣሊያን ወጣት ለተከዜ አይከሰስም፤ የጣሊያን መንግሥት ግን ያው መንግሥት ስለሆነ ይጠየቃል። ዛሬ በሃንፎርድ ለጽዳት የሚሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1949 አልተወለዱም ነበር። ጽዳቱ እ.ኤ.አ. በ1989 በስምምነት ተጀምሮ እስካሁን አላለቀም፤ በ177 ጋኖች ውስጥ የተከማቸው ዝቃጭ ገና ብዙ ሥራ ይጠይቃል። የፕሉቶኒየም 239 ግማሹ የሚጠፋው በ24,000 ዓመት ገደማ ነው። ከዚህ የረዘመ ውርስ ለልጅ ትቶ ያለፈ ትውልድ የለም።

ጉማ የሚጀመረው ከብት በመቁጠር አይደለም። በመጀመሪያ የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ከእኛ ወገን ነው፣ አጥፍተናል ይላል። ያ ቃል ሳይነገር የሚመጣ ከብት የሟችን ቤተሰብ ያስቆጣል እንጂ አያስታርቅም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1990 በኔቫዳ የቦምብ ሙከራ ነፋስ ለተጎዱትና ለዩራኒየም ቆፋሪዎች ካሣ ሲደነግግ፣ በሕጉ ውስጥ በሕዝቡ ስም ይቅርታ ጠይቋል። ለነፋሱ ተጠቂዎች የተቆረጠው 50,000 ዶላር ነበር። የሃንፎርድ ሰዎች በሕጉ አልተካተቱም፤ በፍርድ ቤት ለሩብ ምዕት ዓመት ገደማ ተከራከሩ። ከሳሾቹ ሲናገሩ ከገንዘቡ ይልቅ ደጋግመው ያነሱት፣ ያኔ ማንም ሳይነግራቸው መቅረቱን ነበር።

እዚህ ላይ ከባድ መቃወሚያ ይነሳል። የሃንፎርድን ነዋሪዎች የመረመረው ትልቁ የታይሮይድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጠናቀቅ፣ በተለቀቀው አዮዲን መጠንና በበሽታው መካከል ግንኙነት አላገኘም። አንዲት ሴት ታማ ሕመሟ ከወተቱ ይሁን ከሌላ ነገር ማንም ለይቶ ሊነግራት አይችልም። በለገ ደንቢም ሆነ በቡና እጠባ ወንዞች እንዲሁ ነው፤ አንድ የሆድ ሕመም ከየት እንደ መጣ ስም አልተጻፈበትም። ታዲያ ያልተረጋገጠ ዕዳ ይከፈላል?

መልሱ ዕዳውን ሁለት ቦታ ከፍሎ በማየት ይገኛል። የካሣ ገንዘብ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ያለ ማስረጃ መክፈልም መቀበልም ሌላ በደል ሊሆን ይችላል። እውነቱን የመንገር ዕዳ ግን የማንንም መታመም አይጠብቅም። በወንዙ ውስጥ ምን እንደ ተለቀቀ የሚያውቅ ሰው፣ ከታች ያለው ሰው ባይታመምም የመንገር ግዴታ አለበት፤ ምክንያቱም ከታች ያለው ሰው ልጁን ምን እንደሚያጠጣ የመወሰን መብት የራሱ ነው። በሃንፎርድ የጠፋው ነገር ከሁሉ በፊት ይህ መብት ነበር። ጥናቱ እንኳ የከበደው፣ የተጠጣው ወተት መጠን በጊዜው ስላልተመዘገበ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ከትዝታ መሰብሰብ ስላስፈለገ ነው።

ሌላው መቃወሚያ ከኢሉባቦር ሰው አፍ የሚወጣ ነው። ቡና እንጀራው ነው። የእጠባ ጣቢያው ሲዘጋ የሚጎዳው ለቀን ሥራ የመጣው ወጣትና እሸቱን ይዞ የቀረ ገበሬ ነው። በያዮ ለድንጋይ ከሰልና ለማዳበሪያ ፋብሪካ ሥራ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ሲቆም፣ ብዙ ተስፋ አብሮ ቆሟል። ያ አካባቢ የዱር ቡና የሚገኝበት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው ከ167,000 ሄክታር በላይ የሆነ ጥብቅ የሕይወት ክልል የሚገኝበት ነው፤ ልማቱ አንድ ቀን ቢመለስም አያስገርምም። ድህነትም ይገድላል፤ ለሚራብ ሰው ስለ ኦክስጅን መስበክ ቀላል አይደለም። ሆኖም አባ ለጋ በረግረጉ ውስጥ እርሻን አልከለከለም፤ ያስጠነፍፋል፣ ያሳርሳል፤ ታችኛውን ሳያጥለቀልቅ እንዲታረስ ግን ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ብክለትን የከለከለው ፋብሪካን ለማጥፋት አይደለም። አባ ለጋ የቦዩን ቀን እንደሚወስን ሁሉ፣ ማን ምን ያህል ወደ ወንዝ እንደሚለቅ የሚወስንና ያንን ለሕዝብ የሚናገር ሰው መኖር አለበት።

መቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። በእጠባ ወቅት ከአንድ ጣቢያ በላይ አንድ ጠርሙስ፣ ከጣቢያው በታች አንድ ጠርሙስ ቀድቶ ኦክስጅኑንና አሲዱን መለካት ከባድ ሥራ አይደለም። ውጤቱን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፎ በቀበሌው ሰሌዳ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በመስጊዱ በር መለጠፍም እንዲሁ። ጀሪካን ይዛ ወደ ወንዝ የምትወርድ ሴት ከጣቢያው በላይ ወዳለው ምንጭ ለመሄድ ምክንያቷን አንብባ ትሄዳለች። በያዮ ደግሞ የገባ ወንዝ ዛሬ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ በየወሩ እየተለካ ደብተር ላይ ሊጻፍ ይችላል። ደብተሩ ለ50 ዓመት ምንም ክፉ ነገር ሳይመዘግብ ይቆይ ይሆናል። ካልሆነም፣ በባሮ ዳር በጋምቤላ አንዲት እናት የታመመ ልጅ ታቅፋ ስትቀመጥ፣ ጎረቤቷም «ምን ብታደርግ ነው?» ብሎ ሲጀምር፣ ደብተሩን ገልጦ የቀኑንና የወሩን ቁጥር በጣቱ እያሳየ የሚያነብላት ሰው ይኖራል።